የድሮ ጀልባ ናስ ከመወልወላችሁ በፊት

አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዝታችሁ፣ ቡናማና አረንጓዴ የሆኑ ዕቃዎቿን ስታዩ እጃችሁን የሚበላችሁ ከሆነ፣ ጨርቅና ማወልወያ ከማንሳታችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። «ልወልውለው ወይስ ልተወው?» የሚለው ነገር የውበት ጥያቄ ይመስላል። እኛም እንደዚያ ነበር የመሰለን። ነገሩ ሌላ መሆኑ የገባን ጀልባችን ልትሰጥም አንድ ሐሙስ ሲቀራት ነው።

የምኖረው ሲያትል ነው። በዚህ ከተማ ሐበሻም ውሃም ሞልቷል፤ ሁለቱ ግን እምብዛም አይገናኙም። አብዛኞቻችን ሌክ ዩኒየን የሚባለውን ሐይቅ የምናውቀው በድልድይ ስናልፍ ነው። እኔ የተለከፍኩት ልጆቼን ላዝናና ወደ ሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ስወስዳቸው ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1922 የተሠራች ቨርጂኒያ 5 የምትባል የእንፋሎት መርከብ አለች። የእንጨት ጀልባዎች ማዕከልም አለ፤ ጀልባ ተከራይቶ መቅዘፍ ይቻላል። ልጆቹ አይስክሬም ሲሉ እኔ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት እየዳሰስኩ ቀረሁ።

ውሎ አድሮ ከባልንጀራዬ ጋር አዋጥተን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራች የሞተር ጀልባ ገዛን። ሳንቃዋ ማሆጋኒ፣ የጎን አጥንቶቿ ኦክ የሚባሉ እንጨቶች ናቸው። ዋጋዋ ከአሮጌ ቶዮታ ያንስ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ለሽያጭ ሲያዘጋጃት ዓይን የሚያርፍበትን ሁሉ ወልውሎታል። ደወሉ፣ የመሪው መሃል፣ ጓዳዋ ውስጥ ያለው ፋኖስ፣ ሞተሩ ሥር ያለው የውሃ ቧንቧ ሳይቀር ወርቅ መስሏል። በላዩ ላይ ላከር የሚባለውን፣ ደርቆ እንደ መስታወት የሚሸፍን ግልጽ ቅብ ቀብቶበታል። እጁ ያልደረሰባቸው ደግሞ፣ ማለትም ከፊት ያሉት የገመድ ማሰሪያዎችና የመስኮት ማጠፊያዎች፣ አረንጓዴ ለብሰዋል። ባልንጀራዬ አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና «የቀረውን እኛ እናብለጨልጨዋለን፤ ከዚያ በጋ ላይ ልጆቹን ጭነን መውጣት ነው» አለ። እኔም ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ ጀልባዋ መቆሚያዋ ላይ ታስራ እያለች የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ጎንበስ አልኩ። ቧንቧው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከውጭ የሚገባበት ነው። አንገቱ የጀልባዋን ሆድ በስቶ ይወጣል። ከዳዶው ሥር ላከሩ የተላጠበት ቦታ ላይ የጥፍር ያህል ሮዝ ነጠብጣብ አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ አደረግኩት። እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። ከዚያ ውሃው መጣ።

ጮህኩ። የጎረቤታችን ጀልባ ባለቤት ዕድሜ ልካቸውን በጀልባ አናጢነት የኖሩ አዛውንት ናቸው። ሲደርሱ ጫፉ የሾጠጠ የእንጨት ውታፍ ይዘው ነበር። ቀዳዳው ውስጥ ሰኩና በመዶሻ ቸከሉት። ውሃው ቆመ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ኖሮት ከውሃው ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ60 ሊትር በላይ ያስገባል። ትንሽ የባትሪ ፓምፕ አይቋቋመውም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ፦ ከውሃ በታች ባለ በእያንዳንዱ ቧንቧ አንገት ላይ በልኩ የተሠራ የእንጨት ውታፍ በገመድ አንጠልጥሉ። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

አዛውንቱ ፍርፋሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ተራ ቢጫ ናስ ከመቶ ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚሆነው ዚንክ ነው። ጨዋማ ውሃ ዚንኩን እየመጠጠ ያወጣዋል። የሚቀረው ቀዳዳ የበዛበት፣ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ነው፤ ሮዝነቱ ከዚያ ይመጣል። ዕቃው መጠኑም ቅርጹም አይለወጥም። ጥርሱ እንኳ ሳይቀር ይታያል። ጉልበቱ ብቻ የለም። ከላይ ወርቅ፣ ውስጡን ለቄስ። ሌክ ዩኒየን ጨዋማ ሐይቅ አይደለም፤ ግን ጀልባዋ በጋ በመጣ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1917 በተከፈተው የባላርድ የውሃ በር አልፋ ፒዩጄት ሳውንድ ወደሚባለው ጨዋማ የባሕር ወሽመጥ ስትወጣ ኖራለች። አንዱ ሰው ደግሞ በሆነ ዘመን የነሐሱን ቧንቧ አውጥቶ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠውን የናስ ቧንቧ ገጥሞባታል። ነሐስም መዳብ ነው፤ ግን ዋና ቅይጡ ዚንክ ሳይሆን ቆርቆሮ ወይም ሲሊከን ስለሆነ እንዲህ አይበላም።

ያ ቧንቧ ባይወለወል ኖሮ ሮዙ ቀለም ቀድሞ ይታይ ነበር። የደበዘዘ ቡናማ ናስ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ዓይን ይስባል። ወልዋዩ ግን ሁሉንም አንድ ዓይነት ቢጫ አድርጎ ላከር ደፋበት። አዛውንቱ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ቀለሙ የዕቃው የሕክምና ካርድ ነው። ሳታነበው አትቅደደው።» እኔ ለሌሎች የማስተላልፈው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ለመወልወል ወይም ለመተው መወሰን የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራና ምን ሸክም እንደተሸከመ መታወቅ አለበት።

ጀልባዋን ከውሃ አስወጣናት። ባልንጀራዬ ተበሳጨ፤ ማውጣትም ማቆምም ብር ነው። ባለቤቴም «ይሄ ሁሉ ለአንድ ቧንቧ ነው?» አለች። የተበላው ቧንቧ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅነው ግን ያኔ ነው። አንድ በአንድ እየፈታን አየናቸው።

ስትፈቱ ማድረግ ያለባችሁን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ዕቃ ከነቪቴዎቹ በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ የት እንደነበረ ጻፉበት። አሮጌ የነሐስ ቪቴ ለስላሳ ነው፤ አፉን ልክ የሚሞላ ካቻቪቴ ካልያዛችሁ ይበላባችኋል። እምቢ ካለ የብየዳ ካውያ ራሱ ላይ አስደግፋችሁ አሙቁት። ከዚያ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው አዙሩት። ቸኩሎ በፒንሳ የሚጎትት ሰው ማሆጋኒውን ገንጥሎ ያስቀራል።

መለየቱ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ፣ ብረት ላይ የተቀባ የናስ ቅብ ነው፤ ብትወለውሉት ቅቡን አንስታችሁ ዝገቱን ትጋብዛላችሁ። ካልያዘ፣ ከማይታየው ከሥሩ በኩል በቢላ ጫፍ ጫር አድርጉት። ናስ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ነው። ነሐስ ቀላ ወይም ቡናማ ይላል። ከሥሩ ቢጫ ሆኖ ከላይ ነጣ ያለ ብርማ ነገር ካለው ክሮም ወይም ኒኬል ቅብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩ የአሜሪካ የመዝናኛ ጀልባዎች ብዙዎቹ ዕቃዎቻቸው ከፋብሪካ ሲወጡ ክሮም ቅብ ነበሩ። ክሮሙ ሲላጥ ቢጫው ብቅ ይላል። ባለቤቱ «ኦሪጅናሉ ናስ ነው ለካ!» ብሎ የቀረውን ይፍቃል። ውጤቱ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጀልባዋ በተሠራችበት ቀን እንደዚያ አልነበረችም። ክሮም ማስቀባት ደግሞ ርካሽ አይደለም። ኬሚካሉ መርዛማ ስለሆነ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው የሚሠራው፤ ዋጋውም ያንኑ ይመስላል። እኛ የተላጡትን እንደተላጡ በሳሙና አጥበን ሰም ቀባናቸው። ሌላ ዓመት እናያለን ተባባልን፤ እስካሁን እንደዚያው ናቸው፤ ማንም ቅር አላለውም።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «የማንጋኒዝ ነሐስ» የሚባለው ብዙ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው) የሚሠራበት ብረት ስሙ ነሐስ ይሁን እንጂ በይዘቱ ናስ ነው፤ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ዚንክ አለበት። እሱም ሮዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከውሃ በታች ያለውን ነገር በስሙ አትመኑት። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ኳ አድርጉት። ጤነኛው ይጮኻል፤ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ስለመወልወል ማሰብ የለም። ከውሃ በታች የሚውል ዕቃ አይወለወልም። ይጸዳል፣ ይመረመራል፣ ከተጠራጠራችሁት ይጣላል።

ከውሃ በላይ ወዳለው ስንመጣ ነው ከባልንጀራዬ ጋር የተጣላነው። ከፊት ሁለት የገመድ ማሰሪያዎች አሉ። ሁለቱም ነሐስ ናቸው፤ ሁለቱም ሚድልታውን፣ ኮነቲከት የነበረው ዊልኮክስ ክሪተንደን የተባለ አሮጌ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው። ይህን ማወቅ የቻልነው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። ግራኛውን አንድ ሰው በማሽን ወልውሎታል። ጠርዞቹ ተድበልብለዋል። የቪቴ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጎድጉዶ የቪቴው ራስ ብቅ ብሎ ገመድ ይይዛል። ከሥሩ ያለው የፋብሪካው ስም ከጫፍና ከጫፉ ሁለት ፊደል ብቻ ቀርቶታል። ቀኝ ያለውን የነካው የለም። ጥጋጥጉ አረንጓዴ ነው፣ ሆዱ ቡናማ ነው። ሁለቱ ቀንዶቹ ላይ ገመድ ለዓመታት የተሻሸበት ቦታ ወርቃማ ሆኖ ለስልሷል። ፊደሎቹ በጣት ይነበባሉ።

ባልንጀራዬ ሁለቱን አየና «ታዲያ ቀኙን እንደ ግራው እናድርገው፣ እንዲመሳሰሉ» አለ። እኔ እምቢ አልኩ። መወልወል ማለት ብረት ማንሳት ነው። የተነሳ አይመለስም። ያልተወለወለውን ነገ መወልወል ይቻላል፤ የተወለወለውን ግን ወደነበረበት መመለስ አይቻልም። ነሐስ ላይ ያለው ቡናማና ቀጭን አረንጓዴ ደግሞ ሽፋን ሆኖ ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል። በየወሩ ብትፍቁት በየወሩ አዲስ ሽፋን ሊሠራ ከራሱ ይበላል። በዚህ ላይ ተነታርከን አዛውንቱ ዘንድ ለዳኝነት ሄድን። ሁለታችንንም ሰምተው፣ «እናንተ በሳምንት ስንት ሰዓት አላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ባልንጀራዬ ቅዳሜና እሁድም ይሠራል። እኔ ልጆች አሉኝ። መልሱ ያ ሆነ።

ይህን ስል ግን ማንጸባረቅ የሚወዱትን ለመንቀፍ አይደለም። መቆሚያችን ላይ አንድ ሰውዬ አለ፤ እሁድ ጠዋት ቡናውን ይዞ ይመጣና ሁሉንም ይወለውላል። ጀልባው መስታወት ነው። ደስ ይለዋል፣ እኛም እናያለን። ውጭ የተቀመጠ የተወለወለ ናስ ግን እዚህ ዝናብ ውስጥ በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል። ይህን የምትወስኑት ብረቱን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁንም አውቃችሁ ነው። ለፎቶ አንድ ጊዜ ወልውሎ ከዚያ መርሳት ከሁሉም የከፋው ነው። ግማሹ ጠቁሮ፣ ግማሹ አብርቶ፣ የጣት አሻራ ተቀርጾበት ይቀራል።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ውጭ ያለው ነሐስ ይታጠባል እንጂ አይወለወልም። ጓዳዋ ውስጥ ያለው፣ ዝናብም ጨውም የማያገኘው ናስ፣ ማለትም ፋኖሱ፣ የበር እጀታዎቹና የልብስ መስቀያዎቹ፣ በእጅ በጨርቅ ይወለወላል። ደወሉ የባልንጀራዬ ድርሻ ሆነ፤ እንደፈለገ ያብለጭልጨው። ቁጥርና ጽሑፍ የተቀረጸበት ሰሌዳ አይነካም። የአየር ግፊት መለኪያውና ሰዓቱም አይነኩም። ፈሳሽ ማወልወያ በጠርዙ ገብቶ የቁጥር ሰሌዳውን ያበላሻል። ብዙዎቹም ከፋብሪካ የወጡበት የራሳቸው ላከር ስላላቸው ቢጫ የሚመስለው ነገር ላከሩ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ቤታችሁ አሮጌ የናስ መስቀል ወይም ጽናጽል ካለ ይኸው ሕግ ይሠራል። የተቀረጸው መስመር በየበዓሉ በተወለወለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ከአያት የመጣን ነገር በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ማበስ ይበቃዋል።

አጸዳዱ ላይ የሠራልን በጣም ቀላሉ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ብዙው «ዝገት» ያልነው ነገር ቆሻሻና አሮጌ ማወልወያ ነበር። ጥጋጥግ ውስጥ የተጋገረውን አረንጓዴ በተሳለ የቀርከሃ እንጨት ፋቅነው፤ እንጨት ነሐስ አይቧጭርም። ከዚያ በደንብ ማድረቅ ነው። የሽቦ ብሩሽና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አታስጠጉ። የብረት ሽቦው ብናኝ ውስጥ ገብቶ ይዝጋል፤ ጠብ ያለው ብናኝ ደግሞ ኦኩ ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። የብርጭቆ ወረቀትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ሎሚ በጨው ወይም በአመድ የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ ኮምጣጤም እንደዚያው። የቡና ሰሃን ለማብራት ደህና ነው። እዚህ ግን አደገኛ የሚሆነው በሌላ ምክንያት ነው። አሲዱ ከናሱ ላይኛ ገጽ ዚንኩን አንስቶ ሮዝ ቀለም ይተዋል። ያን ጊዜ የታመመውንና በሎሚ የታጠበውን መለየት ያስቸግራል። ጥርጣሬ ከገባችሁ በለስላሳ ማወልወያ አንድ ጥግ ሸት አድርጉት። የሎሚው ሮዝ ወዲያው ይለቃል። የበሽታው ሮዝ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በመርፌ ሲወጉትም ይፈረፈራል።

አሞኒያ ያለበት ማወልወያ ሌላ ጣጣ አለው። በቅኝ ግዛት ዘመን ህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የጥይት ቀለሆቹ በዝናብ ወቅት በራሳቸው እየተሰነጠቁ አስቸግረውት ነበር። ጥይቱ የሚቀመጠው ፈረስ ጋጣ አጠገብ ነው። ከፈረስ ሽንት የሚነሳው አሞኒያ በኃይል ተስቦ ቅርጽ የያዘውን ስስ ናስ ይሰነጥቀዋል። ነገሩ በጥናት የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ወፍራም ዕቃ ላይ ይህን ያህል ስጋት የለም። እንደ ፋኖስ ቆብ ያለ ስስ ናስ ስንጥቅ ውስጥ ማወልወያው ተረስቶ ሲቀር ግን ችግር ነው። ከወለወላችሁ በኋላ በደንብ እጠቡት። አሞኒያ ያለውን ነገር ከበረኪና ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ የጀልባ ጓዳ ደግሞ ጠባብ ነው።

እንጨቱንም አስቡለት። ዕቃው እንጨቱ ላይ እንዳለ የሚወለውል ሰው በዙሪያው ነጭ ዱቄት የመሰለ ቀለበት ይተዋል፤ የእንጨቱ ጭረት ውስጥ ገብቶ አይወጣም። አሞኒያው ደግሞ እንደ ኦክ ያለ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር የበዛበትን እንጨት ያጠቁራል። በማወልወያው ውስጥ ያለው ዘይት ወይም ሲሊኮን አዲስ የምትቀቡት ቫርኒሽ ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ እንዲያወጣ ያደርገዋል። ስለዚህ ፈትታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። ስትመልሱት ከሥሩ ለስላሳ ማሸጊያ አድርጉለት፤ «ለዘላለም ያጣብቃል» የሚባለውን አይደለም። ሌላ ሰው አንድ ቀን ይፈታዋል።

የሚሽከረከር መወልወያ ማሽን በእጃችሁ ካነሳችሁ፣ እኔ ባታነሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ባልንጀራዬ ለደወሉ ተጠቅሞበታል፤ ያኔም ማሽኑ ደወሉን ከእጁ ነጥቆ ግድግዳ ላይ ወርውሮበታል። ጓንት አታድርጉ፤ የሚሽከረከረው የማሽኑ ጎማ ጓንቱን ከነጣቱ ይስባል። መነጽርና የአቧራ ጭንብል አድርጉ። በአሮጌ ናስ ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለ፤ በዙሪያው ያለው አሮጌ ቀለምም እንደዚያው። ልጆች በማይደርሱበት ሥሩ። አረንጓዴውን እጣቢ ሐይቁ ውስጥ አትድፉ። መዳብ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ የማሽተት ኃይል ያደነዝዛል፤ ሳልሞኖቹ ደግሞ በዚያው በባላርድ በኩል ነው የሚያልፉት። በጨርቅ ሰብስቡና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱ።

ከወለወላችሁ በኋላ «ላከር ልቀባው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ውጭ ላለ ዕቃ አይሆንም። ፀሐይና ንክኪ ላከሩን አንድ ቦታ ላይ ይሰነጥቁታል። እርጥበት በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥቁር መስመር ይስላል። ያን ለማስተካከል ሁሉንም በኬሚካል አንስቶ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። እኛ የቀድሞውን ባለቤት ላከር ለማንሳት የፈጀብን ጊዜ ሌላ ጀልባ ያሠራ ነበር። ለጓዳው ዕቃዎች ግልጽ ሰም ስስ አድርገን በጨርቅ ቀባን። ሲደበዝዝ በደቂቃ ይታደሳል፣ ደግሞም በሽታ አይደብቅም።

አዲስ ቧንቧና ቫልቭ ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ ይህችን ያዙ። «ለባህር የሚሆን» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሻጩን ቅይጡ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁት። ሲሊከን ነሐስ ካላችሁ ጥሩ ነው። 85-5-5-5 ካላችሁም ጥሩ ነው፤ 85 በመቶ መዳብ፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ እርሳስና ዚንክ እያንዳንዳቸው 5 በመቶ ማለት ነው። ዚንኩ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ከውሃ በታች አታስገቡት። ከእንጨት ጋር የሚያያዝበትን ቪቴም በዚያው አጋጣሚ ሲሊከን ነሐስ ግዙ፤ ደህና ቫልቭ በናስ ቪቴ የሚያስር ሰው ሞልቷል። «ናስ ነው፣ ግን ጥሩ ናስ ነው» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።